ያልቆረጥኳቸው ሦስት ምልሰቶች

በፊልሜ ውስጥ ሦስት ምልሰቶች፣ ታሪኩ ወደ ድሮ የሚመለስባቸው ቦታዎች፣ አሉ። ሦስቱንም ቁረጪ ተብያለሁ፤ መጀመሪያ በልመና፣ ኋላ በቁጣ። አልቆረጥኩም። አሶሳ ውስጥ ስለዚህ ነገር ብዙ ተወርቷል፤ የተወራው ሁሉ ትክክል ስላልሆነ የሆነውን እኔው ልናገር።

አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሆሞሻ አጠገብ ባለች መንደር ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን አሶሳ ኖሬያለሁ። ፊልም የለመድኩትም ያኔ ነው፤ በቆርቆሮ በተሠራ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከወንዶች መሐል ተጋፍቼ እየተቀመጥኩ። ሌሎቹ ጥይት የሚንጣጣበትን ፊልም ሲመርጡ እኔ የምወደው ምስጢር ያለበትን፣ ልብ አንጠልጣዩን ነበር። አንድ ቅዳሜ በእንዲህ ያለ ፊልም መሐል አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና «ይሄ ሰውዬ ቅድም ሞቶ አልተቀበረም እንዴ? አሁን ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቱ «አባባ፣ አሁን የሚታየው ድሮ የሆነው ነው። ልጅቷ እያስታወሰች ነው» አላቸው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ታዲያ ስታውቅ ኖራ እስካሁን ለምን ዝም አለች?» አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን ያ ጥያቄ ውስጤ ቀረ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ጠቅላላ የሚቆመው በዚያ ጥያቄ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው ድሮ ነው፤ አሁን የቀረው የዝምታው ምክንያት ነው። ምልሰት ደግሞ ዝም ያለውን ሰው ገለጥ አድርጎ ማሳያ መንገድ ነው።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ጓደኛ አፈራሁ። ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሱ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ ቢወለድም አነጋገሩ የወሎ ነው። «በሰርግ ጭፈራ ዓይኔ ሊጠፋ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ «ፊልም እንሥራ። ካሜራው የኔ፣ ታሪኩ ያንቺ።» እኔም በገበያ መሐል ሞቶ ስለተገኘ ነጋዴ አንድ የፈጠራ ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። ለመቅረጫ የሚሆን ግቢ ስንፈልግ የአባቴ አክስት ቤት ትዝ አለኝ። እሷ በመንደራችን ትልቋ ሰው ነበረች፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗት እንኳ ዘንግ ሳትይዝ ትሄዳለች። ከካሜራ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ሄድን።

ቤቷን ከቀረጽን በኋላ ጅረቱን ለማየት ወረድን። ከጅረቱ ማዶ፣ ከመንደሩ መቃብር ርቆ፣ ብቻውን የቆመ የድንጋይ ክምር አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማን እንደተቀበረበት ጠይቄ ግን አላውቅም። ጓደኛዬ «ይሄ የማን መቃብር ነው? ለፊልም ጥሩ ነው» አለ። ስንመለስ አክስቴን ጠየቅኋት።

«የእንግዳዋ ነው» አለች።

«የትኛዋ እንግዳ?»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። በኋላ በርትኛ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ መናገር ጀመረች፤ እኔ ለጓደኛዬ እየተረጎምኩ ሰማሁ።

የሰማሁት ምን እንዳደረገብኝ እንዲገባችሁ ቤተሰባችን ስለራሱ ያወራ የነበረውን መንገር አለብኝ። የአባቴ አባት ወላጅ አልባ ነበር ተባልን። አባቱ ከሩቅ ምዕራብ ተነስቶ ወደ መካ ሲጓዝ በዚህ ሲያልፍ በበሽታ የሞተ ሐጃጅ ነው፤ ሕፃኑን የአክስቴ አባት አንስቶ እንደ ልጁ አሳደገው። ይህ ታሪክ የቤታችን ክብር ነበር። በተለይ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አሶሳ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት አጎቴ፣ «እኛ የሐጃጅ ዘር ነን» ሳይሉ የሚያልፉት ሰርግ የለም።

አክስቴ ግን «ሐጃጅ የለም» አለች። «ሐጃጅ የሚባል ሰው በዚህ አላለፈም። ያለችው ከጅረቱ ማዶ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። እኛ ልጆች እንግዳዋ እንላት ነበር። እናቴ በየቀኑ ገንፎ አድርጋ ትልከኛለች። አንድ ቀን ስትበላ እጄን ያዘችና ‹አባትሽ ወንድሜ ነው› አለችኝ። ሮጬ ሄጄ አባቴን ጠየቅሁት። መታኝ። አባቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትቶኝ አያውቅም። ስለመታኝ እውነት መሆኑን አወቅሁ።»

የቀረውን የነገረቻት እናቷ ናት፤ አክስቴ ካገባች በኋላ። የአዲስ አበባ መንግሥት ከዚህ አገር ግብር መቀበል በጀመረበት ዘመን የሰብሳቢዎቹ ሰዎች ወደ መንደራችን መጡ። ወርቅ ጠየቁ። ሰዉ ጅረቱን ሲያጥብ ከርሞ ያገኘውን ሰጠ፤ አልበቃም ተባለ። ወርቅ የጎደለበት ቤት ሰው ይስጥ ተባለ። የአክስቴ አያት የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጁን ሰጠ። ለመንደሩ ግን ወርቅ ስታጥብ ጎርፍ ወሰዳት አለ፤ ተለቀሰላት፣ ዱዓ ተደረገላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺ ልጅ ወንድ ልጅ አዝላ፣ በእግሯ፣ በሱዳን በኩል ተመለሰች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ አያትና «ልጄ ሞታለች። ይቺ እንግዳ ናት» አለ። ወንድሟ፣ የአክስቴ አባት፣ ግን ሕፃኑን ወሰደው። ልጁ ስም እንዲኖረው፣ እንደማንም እንዲያድግ፣ እሷ ዝም ለማለት ተስማማች። ልጇ ሲያድግ ከጅረቱ ማዶ ሆና አየች።

ያ ሕፃን አያቴ ነው።

«አያቴ ያውቅ ነበር?» አልኳት።

«ስትሞት መቃብሯን ብቻውን ቆፈረ። ድንጋዩንም እሱ ነው የከመረው። ሲቀብራት አለቀሰ» አለች። «ሰው ለእንግዳ እንደዚያ አያለቅስም።»

ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። የተሰማኝ ንዴት ነው። ቅድመ አያቴን አንድ ጊዜ ሰጧት፤ ስትመለስ በሕይወት እያለች ቀበሯት፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ በቦታዋ አንድ ሐጃጅ ፈጥረው አስቀመጡ። እኛም በሰርጉ በሐዘኑ በዚያ ሐጃጅ ስንኩራራ ኖርን።

አክስቴ ወደ ጓደኛዬ ዞረችና እሱም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረች። አማርኛ ስትናገር ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነው የምትለው። እኔን በጣቷ እያሳየች «አንተ ልጄ፣ ፊልም የምትሠራው ይሄን ነው። ሥራው» አለችኝ።

የገበያውን ነጋዴ ጣልኩትና እንደገና ጻፍኩ። አንዲት ወጣት ከጅረት ማዶ ያለ ብቸኛ መቃብር የማን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ይነግሯታል። የመጀመሪያው ሰው ልጅቷ በጎርፍ ተወሰደች ሲል ተመልካቹ ጎርፉን ያያል። ሁለተኛው፣ አይደለም፣ ከሌላ አገር የመጣች እንግዳ ናት ሲል ተመልካቹ መንገደኛዋን ያያል። እውነቱ የሚመጣው በሦስተኛው ነው።

በዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተጣላን። «አንቺዬ፣ የመጀመሪያው ምልሰት ሐሰት ከሆነ ለምን እናሳየዋለን?» አለ። «ሰው በዓይኑ ያየውን ያምናል። ኋላ ውሸት ነበር ስንለው አይሰድበንም?»

«ይስደበን። እኛን እንደዚያ ነው ያደረጉን» አልኩት። «ሠላሳ ዓመት ያንን ሐጃጅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነጭ ልብሱን፣ መቁጠሪያውን፣ ሁሉን። ተመልካቹም አንድ ሰዓት ይታለል።»

ቀጥሎ ድሮውን በጥቁርና ነጭ እናድርገው፣ ጭስ እንልቀቅበት አለ። ይህንንም እንቢ አልኩ። ጅረቱ ያው ነው፣ ድንጋዩ ያው ነው፤ ለኛ ያለፈው ነገር አልደበዘዘም። ታዲያ ሰዉ ድሮና ዘንድሮን በምን ይለይ? ብዙ አሰብኩና በቋንቋ አልኩ። የዛሬው ታሪክ በአማርኛ ይሆናል፤ ወደ ኋላ በተመለስን ቁጥር ሁሉም ሰው በርትኛ ይናገራል።

«የከተማው ግማሽ አይገባውም» አለ።

«ከሥር በአማርኛ እንጽፍለታለን። እኛ ስንት ዘመን ያልገባንን ፊልም አይተናል?»

ሳቀ። «አብሽሪ፣ እሺ» አለ።

ቀረጻው አንድ የክረምት ዕረፍት ፈጀ። ቅድመ አያቴን ሆኜ የተጫወትኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሦስተኛዋን ተናጋሪ አክስቴ ሆነች፤ ሌላ ሰው ትሁን ብላትም እንቢ ብላ። በጽሑፌ ላይ የምትለው «አንድ ሰው ልጁን ሰጠ» የሚል ነበር። ያንን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ በልቤ ትንሽ ፍርሃት ነበረና። ካሜራው ሲነሳ አክስቴ ጽሑፉንም አማርኛውንም ተወችው። ሌንሱን ትክ ብላ አይታ፣ በርትኛ «አያቴ ሰጣት። የኔ አያት። በዚህ ግቢ ቆሞ» አለች። ጓደኛዬ ቋንቋው አይገባውም፤ ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ በምስሉ ላይ ይታያል። እንድገመው አላልኩም። በፊልሙ ውስጥ ያለው ያ መንቀጥቀጥ ነው።

ወሬው አሶሳ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። አጎቴ ሱቃቸው አስጠሩኝ። ደንበኞቻቸውን አሰናብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«የሰማሁት እውነት ነው?» አሉ።

«ምን ሰሙ?»

«አባቴን የባሪያ ልጅ አድርገሽ ፊልም ሠራሽ ብለውኛል።»

«አባትዎን የእናታቸው ልጅ ነው ያደረግኋቸው» አልኩ።

«አባቴ የሐጃጅ ልጅ ነው!»

«ሐጃጁ ማን ይባላል? አገሩ የት ነው? የት ተቀበረ?»

ከጨርቁ ጥቅል አንዱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ድምፃቸውም ዝቅ አለ፤ ከቁጣቸው ይልቅ ያ ነው ያስቸገረኝ። «ስሚኝ፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ የሞተችውን ታስቢያለሽ። እኔ በሕይወት ያለችውን ማሰብ አለብኝ። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ልታገባ ነው። የባሏ ወገኖች ይህንን ሲያዩ ምን ይላሉ? እነዚያን የድሮዎቹን ቁረጪያቸው። ሌላው እንዳለ ይሁን፤ የመቃብሩ ነገር ሳይታወቅ ይለቅ።»

«ሳይታወቅ ካለቀ ፊልምም አይሆን፣ እውነትም አይሆን። የተሰጠች ልጅ ምን ነውር አለባት? ነውሩ የሰጪው ነው።»

«ሰጪውም የኛው ሰው ነው!» ብለው ጮኹ።

ውጭ ሰው ያልፋል፤ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። እሳቸው ያሉትን እሳቸውም እንደ እኔ ሰምተውታል።

«ያውቁ ነበር» አልኩ።

«አባቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

«እኔን ማንም አላስማለኝም» ብዬ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ በእኔ አልሆነላቸው ሲል ወደ ጓደኛዬ ሄዱ። አልዛቱበትም፤ ሻይ ጋብዘው «አንተ እዚህ እንግዳ ነህ። በሰው ቤት ነገር ባትገባ ጥሩ ነው» ብቻ አሉት። እሱ እዚህ መወለዱን ያውቃሉ። በማግስቱ መጣ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አንቺ ብትጣዪም አገርሽ ነው» አለኝ። «እኔ አንድ ነገር ቢመጣ ሰፋሪ ነው የምባለው። እናቴም ፈርታለች።»

ልቆጣው አልቻልኩም። ኮምፒውተሩንና የተቀረጸውን ሁሉ አስረከበኝ፤ ቅንብሩን እንዴት እንደምጨርስ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ አሳየኝ። ሊሄድ ሲል «ስሜን ግን አውጪው» አለ። አወጣሁት። እስከ ዛሬ በፊልሙ መጨረሻ «ካሜራ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ሰው እንዲገባበት አልፈቀድኩም።

ቅንብሩን ለመጨረስ ወራት ፈጀብኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ። ሦስተኛውን ምልሰት የቱ ላይ ላድርገው ብዬ ብዙ ጊዜ አነሳሁት፣ ጣልኩት። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ምስጢሩ አለቀ፤ እጅግ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰዉ «ገባኝ» ብሎ አቧራውን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከማለቁ ሩብ ሰዓት ቀድሞ አደረግሁት፤ ከዚያ በኋላ ወጣቷ እውነቱን ይዛ ከቤተሰቦቿ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ትቀመጣለች። ማንም ምንም አይናገርም። ተመልካቹ ከእነሱ ጋር አሥር ደቂቃ ይቀመጥ ብዬ ነው። ከጅረቱ ማዶ የነበረችው ሴት ስንት ዓመት ተቀምጣለች።

የመጀመሪያው ማሳያ ሆሞሻ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ ሙቀቱ ያፍናል። ነጭ አንሶላ ሰቀልን። አክስቴ ከፊት፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዉ እስከ በሩ ሞላ። ሊጀመር ሲል አጎቴ ከሁለት ዘመዶቻችን ጋር ገብተው ከኋላ ቆሙ።

የመጀመሪያው ምልሰት ሲመጣና ሰዎቹ በርትኛ ሲናገሩ አዳራሹ ውስጥ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ተነሳ። በአንሶላ ላይ ሰው በቋንቋቸው ሲናገር አይተው አያውቁም። ጎርፉ ልጅቷን ሲወስዳት ሴቶቹ አለቀሱ። በሁለተኛው ምልሰት ጎርፉ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ አንድ ሰው «አታለለችን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎች ዝም አሰኙት። ያኔ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ሲጀምር አጎቴ በሰዉ መሐል አልፈው መጡና አንሶላው ፊት ቆሙ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ስለነበር የአክስቴ ፊት በደረታቸው ላይ ወጣ። «ውሸት ነው! አጥፉት!» አሉ።

ተነስቼ ፊልሙን የሚያበራው ማሽን አጠገብ ቆምኩ። «አላጠፋም» አልኩ። «የማይፈልግ በሩ ክፍት ነው።»

አክስቴ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ፣ «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል» አለቻቸው። «ውሸታም ካልክ እኔን በል። እዚህ አለሁ።»

በአንሶላው ላይ ያለችው አክስቴ በአጎቴ ደረት ላይ ሆና «አያቴ ሰጣት» አለች። አጎቴ ዝቅ ብለው ደረታቸውን አዩ። ከዚያ ከብርሃኑ ወጡና ግድግዳውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። አብረዋቸው ከመጡት አንዱ ተከተላቸው፤ ሌላው እዚያው ቀረና እስከ መጨረሻው አየ።

አጎቴ የፈሩት ነገር አልደረሰም። የሙሽራው ወገኖች ሰርጉን አላፈረሱም፤ አንዷ ሴት እንዲያውም «የኛም ቤት ቢቆፈር ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል» አለች ሲባል ሰማሁ። እኔ ግን ለሰርጉ አልተጠራሁም። ሳልጠራ ሄድኩ። አዲስ ልብስ ለብሼ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ማንም አላስወጣኝም። የሙሽራዋ እናት ሳህኑን ፊቴ ኳ አድርጋ አስቀምጣልኝ ሄደች። በላሁ። አጎቴ በዚያ ቀን ስለ ሐጃጁ አልተናገሩም። ሰላምም አላሉኝም፤ እስከ ዛሬም አይሉኝም። ይህ ያመኛል። ቢያመኝም ሰላምታቸውን በዚያ ዋጋ አልፈልገውም።

ፊልሙን ከዚያ በኋላ በአሶሳ፣ በኋላም በባምባሲ አሳየሁ። ባምባሲ ሰዉ ሁሉ ሄዶ አንሶላውን ሳወርድ አንዲት ጎልማሳ ሴት ብቻዋን ቀርታ ነበር። «ያ ኢንተላ» ብላ ጠራችኝ፤ በኦሮምኛ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። ከዚያ በአማርኛ «እናንተ የሰጣችሁ ናችሁ ወይስ የተሰጣችሁ?» አለችኝ።

«ሁለቱንም» አልኩ።

«እኛ ሰጪዎቹ ነን» አለች። «ለማንም ብዬው አላውቅም።»

የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ አነሳችና አብረን አጠፍነው።